ለዳሪዮ የገባችው ጃንጥላ

ይሄን የምጽፈው በአፌ ማውራት ስለማልችል ነው። አፍ አጥቼ አይደለም፤ ጥርሱም ምላሱም ሙሉ ነው። ሰው ፊት ስቆም ግን የት እንደሚገባ እንጃ፣ ይጠፋብኛል። ትምህርት ቤት ሳለሁ አስተማሪው ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት እያፈርኩ፣ ከፊቱ ተቀምጬ ቀሪ ተብዬ ነበር የምመዘገበው። ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ ከትምህርቱ የምር ቀረሁ፤ አስተማሪው ልዩነቱን ያወቀው አይመስለኝም። እናንተን ግን ፊታችሁን ስለማላየው ልንገራችሁ። ብትስቁም አልሰማችሁም፤ ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የምሠራው ላሊበላ፣ እትዬ አስካል ፔንሲዮን ውስጥ ነው። አንሶላ አጥባለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ ጀርባ እደበቃለሁ። የመጨረሻውን ማንም አላዘዘኝም። አመሻሽ ላይ ሥራ ቀለል ሲል ሁላችንም ሳሎን እንሰበሰብና ድራማ እናያለን። ከውጭ አገር መጥቶ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። ስሙ ረጅም ስለሆነ እኛ «የባንኩ» ነው የምንለው። «ዛሬ የባንኩ አለ?» ከተባለ ሰው ሁሉ ይገባዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳሪዮ የሚባል ጠበቃ አለ። መልከ መልካም ነው፤ ይሄን የምለው ለታሪኩ ስለሚያስፈልግ ብቻ ነው። የሚሠራበት ባንክ የባለአክሲዮኖቹ ገንዘብ ጠፋበት። የባንኩ አለቃ፣ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ፣ «ወረቀቱ ላይ ፊርማው አለ፤ ዳሪዮ ነው የወሰደው» ብሎ አሳሰረው። ዳሪዮ ደግሞ «ሳላነብ ነው የፈረምኩት» ይላል። ጠበቃ ሆኖ ሳያነብ መፈረሙ ያን ጊዜ ለምን እንዳልከነከነኝ አሁን ሳስበው ፊቴን በነጠላዬ እሸፍናለሁ። አክሲዮን የሚሉትን መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ኋላ በራሴ መንገድ ተረዳሁት፤ ልክ ቅርጫ እንደመግባት ነው። ብዙ ሰው ተዋጥቶ አንድ በሬ ይገዛል። ልዩነቱ፣ ፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች በሬውን አያርዱትም፤ ሥጋውን እያሰቡ ብቻ ይጣላሉ።

ማስታወቂያ ሲመጣ እትዬ አስካል ድምፁን ይቀንሱና ወደኛ ይዞራሉ። «እሺ፣ ፍርድ ስጡ!» ይላሉ። ራሳቸው ይጀምራሉ።

«ባንክ ማለት የሰው አደራ ነው። አደራ የበላ ይታሰር! እኔ ስንት አንሶላ አጥቤ ያስቀመጥኳት ብር ያለችው እዚያ ነው።»

አንሶላውን የማጥበው እኔ ነኝ።

ዘበኛችን አያ ሞላ በሩ አጠገብ ዱላቸውን ተደግፈው ይቀጥላሉ። «ይሄ ሁሉ ፎቅ፣ ይሄ ሁሉ ዳኛ ምን ሊረባ? ሦስት ሽማግሌ ዛፍ ሥር ቢያስቀምጡ ባንዲት ቅዳሜ ያልቃል። ራሰ በራውንም ዳሪዮንም ተራራው ላይ፣ አሸተን ማርያም አውጥቶ ማስማል ነው። የዋሸው ቁልቁለቱን ሳይጨርስ ይለያል!»

ከዚያ ይርጋ አለ። ይርጋ የከተማውን ዲሽ ሁሉ የሚሰቅል ልጅ ነው። የእትዬ አስካል ዲሽ ነፋስ በነካው ቁጥር ይመጣል፤ ነፋስ ባልነካውም ጊዜ ይመጣል። እሱ ዳሪዮን አይወደውም።

«ደመወዝተኛ ነው አይደል? ታዲያ በየቀኑ አዲስ ሙሉ ልብስ ከየት አመጣ? እኔን እዩኝ፤ ጣሪያ ላይ የምወጣውም ሠርግ የምሄደውም በዚህች ጃኬት ነው። ሰውዬው ሌባ ነው! እናቴ ፊት ይሄን ብናገር ራት አላገኝም እንጂ።»

ከዚያ እትዬ አስካል ወደኔ ይዞራሉ። «አንቺስ?»

እኔማ ዳሪዮ ንጹሕ እንደሆነ በሙሉ ልቤ አምናለሁ። እስር ቤት ውስጥ ብርድ ልብሱን ለአንድ ሽማግሌ እስረኛ ሲሰጥ አይቻለሁ። ብርድ ልብሱን የሰጠ ሰው ባንክ ይዘርፋል? ይሄን በሆዴ አሳምሬ እናገረዋለሁ። ከአፌ የሚወጣው ግን «እኔ እንጃ» ብቻ ነው። ብርጭቆ ሰብስቤ ወደ ጓዳ እሄዳለሁ። ሳይጠጡ የሰበሰብኩባቸው ጊዜም አለ።

ስለ ይርጋ አንድ ነገር ዘለልኩ። ጣሪያው ላይ አንሶላ ሳሰጣ እሱ ዲሹን ሲያስተካክል፣ አንድ ቀን «ሽማግሌ ወደ ኩልመስክ፣ ወደ አባትሽ ልልክ ነው» አለኝ። አንሶላው ጀርባ ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ። ለካ አይታየውም። «እሺ ነው ወይስ እምቢ?» አለኝ። ምን ላድርግ፣ አንሶላውን ነቀነቅኩለት። በዚሁ ተስማማን። ሽማግሌዎቹ እሑድ ሊሄዱ ተቀጠረ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ የምጓጓለት ነገር አገኘሁ። በዚህ መሃል ነው ዳሪዮ የገባብኝ።

የፍርዱ ቀን ነው። ዳኛው መነጽራቸውን አደረጉ። «ፍርድ ቤቱ የግራ ቀኙን ክርክር መርምሮ...» አሉና መብራት ጠፋ። በከተማው ሙሉ ጠፋ። እትዬ አስካል ተራገሙ፣ አያ ሞላ ባትሪያቸውን ፍለጋ ወጡ፣ ይርጋ «ተፈርዶበታል፤ እኔ ምን አልኳችሁ!» እያለ ይስቃል። እኔ ጨለማው ውስጥ ተቀምጬ ዳሪዮ በዚያ በቀዝቃዛው ክፍል፣ ያለ ብርድ ልብስ ታየኝ። ጨለማ ደግሞ ዓይናፋርን ደፋር ያደርጋል። ከንፈሬ በራሱ ተንቀሳቀሰ፦

«አሸተን ማርያም፣ ይሄን ሰው ከእስር አስፈትተሽ አሳዪኝ፤ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ።»

ሌላው ሰው አስተያየቱን በአፉ ይሰጣል፤ እኔ በስለት ሰጠሁ።

በማግስቱ መብራት መጣ፤ ዳሪዮም ተፈታ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ወዲያው ግን የተናገርኩት ትዝ አለኝ። ስለት ነው! የሰው ባይሆን የማርያም ዕዳ ነው፤ ማነው ድራማ ነበር ብሎ የሚቀር? ድራማው የተሠራው እኔ ከመሳሌ ከስንት ጊዜ በፊት እንደሆነና ዳሪዮ እዚያ አገሩ ፍርዱን ሰምቶ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ቤቱ ገብቶ የተኛው ያኔውኑ እንደሆነ የታሰበኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

ጃንጥላዋን ገዛሁ። ቀይ ነች፤ ዙሪያዋን የወርቅ ዘርፍ አላት። ሰው እንዳያየኝ ብዬ በአዘቦት ቀን፣ በአንሶላ ጠቅልዬ አዝዬ ወደ አሸተን ወጣሁ። ዳገቱን ለምታውቁት አልነግራችሁም፤ ለማታውቁት ብነግራችሁም አታምኑኝም። ገደሉ አፋፍ ላይ ስደርስ ነፋሱ አንሶላውን ገለበና ጃንጥላዋ ጀርባዬ ላይ ቧ ብላ ተከፈተች። ሁለት ፈረንጆች ከነመሪያቸው ቆመው ፎቶ አነሱኝ። መሪው «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። «እኔ እንጃ» አልኩት።

ከላይ ያገኘኋቸው ቄስ ሽማግሌ ናቸው። በቀስታ ልሰጣቸውና ልሮጥ ነበር።

«የለም ልጄ» አሉኝ። «እመቤታችን ያደረገችልሽን ሕዝቡም አብሮሽ ያመስግን እንጂ። ለሃያ አንድ ነይ።»

ሃያ አንድ የዋለው ሽማግሌዎቹ ከተቀጠሩበት እሑድ በፊት ነው፤ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ጢም ብሏል። ስለት የሚቀበሉት ዲያቆን ጠሩኝ። ስሜን ጠየቁኝ፤ በስንት ጭንቅ ነገርኳቸው።

«ምን አድርጋልሽ ነው?»

«የታሰረ ሰው... ተፈትቶልኝ።»

«ባልሽ ነው? ወንድምሽ?»

መሬት መሬቱን አየሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይዋሽም። እውነቱም አይወራም። «እንዲሁ ሰው ነው» አልኩ።

ዲያቆኑ ጃንጥላዋን ዘርግተው ከፍ አደረጉና ገደሉ እስኪመልሰው ድረስ ጮኹ፦ «እኅታችን የታሰረባት ሰው ከእስር ተፈትቶላት ለእመቤታችን ጃንጥላ አስገብታለች፤ እልል በሉ!»

ከጀርባዬ አንዲት ሴት ከሁሉ ቀድመው እልልታውን አነሡት። ድምፃቸው እንዴት ያምራል! ዞር ብዬ ሳይ እማማ ጥሩወርቅ ናቸው፤ የይርጋ እናት። እሳቸውም አዩኝ። ነጠላቸው ሥር የያዙትን ነገር ጨበጥ አደረጉ፤ እልልታቸው መሃል ላይ ተቆረጠ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ሲቆረጥ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያመመኝ ግን የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። እኔ ተከራይቼ ያለሁበት ግቢ ሳልደርስ ወሬው ደርሷል። በአገራችን ሰው የታሰረበት ሰው ሲፈታለት ዝም አይባልም፤ «እንኳን አስፈታልሽ» ሊሉ ጎረቤቶቼ መጡ። አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ጠላ በማሰሮ፣ አንዷ ስኳር ይዘዋል። ቤቴ አንድ ወንበር ነው ያለው፤ አልጋዬ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ።

«ለመሆኑ የት ነበር የታሰረው?»

«ውጭ አገር።»

«ኧረ እግዜር ይይላቸው! በምን አሳበው?»

«የባንክ ብር ጠፋ ብለው።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ጠበቃ ነው።»

አንድም አልዋሸሁም። በኋላም ያሳፈረኝ ይሄው ነው፤ እየማልኩ ብዋሽ ይሻል ነበር። ከማዶ ያሉት እትዬ ብርቄ ጠበቃ መሆኑን ሲሰሙ ተነሥተው ወጡና ዶሮ ይዘው ተመለሱ። «እንደው ሲመጣ የኔንም የወሰን ክርክር ይይልኝ። ጎረቤቴ በየዓመቱ አንዳንድ ፈር እየገፋብኝ ጓሮዬ ደርሷል» አሉኝ። ዶሮዋን እግሯን ታስራ አልጋዬ ሥር አስቀመጧት። ሌሊቱን እሷ ስትንቋቋ፣ እኔ ስቃትት ነጋ።

እሑድ መጣ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ኩልመስክ አልሄዱም። የሄደው ወሬው ነው። ወሬው እዚያ ሲደርስ ዳሪዮ እጮኛዬ ሆኗል፣ ባንክ ዘርፏል፣ እኔም ለሱ ስንቅ ሳመላልስ ከርሜአለሁ። አባቴ እንግዳ ሊቀበሉ አጥበው ያደረቁትን ልብስ ለብሰው፣ ሽማግሌ ጠብቀው ጠብቀው ሲያጡ በመኪና ተሳፍረው መጡ።

ፔንሲዮኑ በር ላይ ሲቆሙ እኛ «የባንኩ»ን እያየን ነበር። እትዬ አስካል ሆን ብለው ዲሹን ስላበላሹበት ይርጋ ተጠርቶ መጥቶ ጠግኖታል፤ ከአሸተን ወዲህ ወደኔ አይቶ አያውቅም። ሬሞቱን ያያል።

«የታለ?» አሉ አባቴ።

«ማን?» አሉ እትዬ አስካል ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

«ልጄን ያዋረደው እስረኛ! ስሙን ትንገረኝና እኔና እሱ እንተያይ!»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። መጋረጃው ሩቅ ነው። ዝም ባልኩ ቁጥር የአባቴ ፊት እየጠቆረ ሄደ፤ ይርጋም ሬሞቱን አስቀምጦ ሊወጣ ተነሣ። ይሄኔ አያ ሞላ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ቆዩ። ነገር በሥርዓት ይጠየቃል። ልጄ፣ ሰውዬው ሥራው ምንድን ነው?»

«ጠበቃ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ማን አሳሰረው?»

«አለቃው።»

«በምን?»

«ሳያነብ በፈረመው።»

አያ ሞላ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «እንዴ... ይሄን ክርክር እኔ አውቀዋለሁ። እስር ቤት ውስጥ ብርድ ልብሱን...»

«ለሽማግሌው ሰጠው» አልኩና አለቀስኩ።

ቴሌቪዥኑ ብቻ ያወራል። ጣቴን አንሥቼ ወደዚያ ጠቆምኩ። ዳሪዮ በነጭ ሙሉ ልብስ መርከብ ላይ ቆሞ ፀጉሩን ነፋስ ያርገበግበዋል።

«እሱ ነው» አልኩ።

አባቴ ድራማ አይተው አያውቁም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተጠጉና ትክ ብለው አዩት። «መልኩስ ደህና ነው» አሉ። «አገሩ የት ነው? ወገን አለው?»

«ኧረ የለም እኮ ሰውዬው!» አሉ አያ ሞላ።

«የት ሄደ?»

«አልነበረም!»

«ታዲያ ማነው የተፈታው?»

እዚህ ላይ እትዬ አስካል ፈነዱ። ወንበሩን ይዘው፣ ከዚያ ጠረጴዛውን ይዘው፣ በመጨረሻ አያ ሞላን ይዘው ሳቁ። «አሸተንን! ጃንጥላ ያስገባችው ለዳሪዮ ነው!» አሉ። ማሰብ ወደማልፈልገው ነገር እንዳትመልሱኝ፤ በአጭሩ፣ ጣሪያው ላይ ወጥቼ የታጠቡትም ያልታጠቡትም አንሶላዎች መሃል ተደበቅሁ።

ጥቂት ቆይቶ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ይርጋ ነው።

«እኔ ሌባ ነው እያልኩ ስከራከር አንቺ ከጎኔ ቁጭ ብለሽ...»

አንሶላው ዝም አለ።

«ለምን አንዲት ቃል አልተነፈስሽም? ‹ንጹሕ ነው› ማለት ይከብዳል?»

«ሰው ፊት?» አልኩት።

ሳቀ። በጣም ሳቀ፤ ግን እንደ ታችኛው ሳቅ አልነበረም። ከዚያ ቆም አለና ድምፁ ተለወጠ። «እኔስ ገብቶኛል። እናቴን ነው የቸገረኝ። ሽማግሌዎቹን ያስቀረችው እሷ ናት። ይሄን ስነግራት ምን እንደምትል እንጃ።»

እማማ ጥሩወርቅ ነገሩን ሲሰሙ አልሳቁም፣ አልተቆጡም አሉኝ። «አስብበታለሁ» ብለው ብቻ ዝም። ይሄ ዝምታ ከሳቁ ሁሉ የባሰ ነበር። ለእስረኛ የተሳለች ሴት ቢያንስ ሰው አላት ይባላል፤ ለቴሌቪዥን የተሳለች ሴትን ማን ለልጁ ያመጣል? አባቴም ወደ ኩልመስክ ሲመለሱ «ልጄ፣ ዓይንሽን ታከሚው» ብቻ ብለውኝ ሄዱ። ዶሮዋን ለእትዬ ብርቄ መለስኩ። «ጠበቃው አይመጣም?» አሉኝ በሐዘን። ዳቦውና ጠላው ግን ተበልቶና ተጠጥቶ ስላለቀ አልተመለሰም።

የንስሐ አባቴ ዘንድም ሄድኩ። ሁሉን ስነግራቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «እየሳቅሁ አይደለም ልጄ» አሉ። ሲረጋጉ ስግደት አዘዙኝ። «ከእንግዲህ ከመሳልሽ በፊት ሰውዬው መኖሩን ጠይቂ።»

«ጃንጥላዋስ አባ?»

«ጃንጥላዋማ ገብታለች።»

ይሄ ሁሉ ሳያንስ ድራማው ቀጠለ። አንድ አመሻሽ ላይ፣ ሁላችንም ተሰብስበን፣ ዳሪዮ የጠፋውን ገንዘብ ከአያቱ መቃብር ሥር በገዛ እጁ ቆፍሮ ሲያወጣ አየን። እሱው ነበር የሰረቀው! አነበበም፣ ፈረመም፣ ወሰደም። ብርድ ልብሱንም የሰጠው ሽማግሌው ምሥጢሩን እንዳያወጣበት ነው። ማንም ወደ ቴሌቪዥኑ አላየም፤ ሁሉም ወደኔ ነው ያየው። እትዬ አስካል ድምፁን ቀነሱ።

«አንቺስ?» አሉኝ።

«ሌባ ነው!» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አስተያየት ሰጠሁ። ጮክ ብዬ ኖሮ ራሴ ደነገጥኩ።

የአሸተን የዓመቱ ክብረ በዓል ሲደርስ ልቅር ብዬ ነበር፤ መቅረትም ያሳፍራልና ወጣሁ። ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ፣ ድንጋዩን ተጠግቼ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብ አድርጌ ቆምኩ። አጠገቤ አንድ ሰው መጥቶ ቆመ። በአንድ ዓይኔ ሳይ እማማ ጥሩወርቅ ናቸው። ወደ ድንጋዩ ይበልጥ ተጠጋሁ።

ፊት ለፊት እያዩ፣ ከንፈራቸውን ብዙም ሳያንቀሳቅሱ፦ «ልብሽ የራራለት ያ ሌባ ብርድ ልብሱን ሲሰጥ ያየሽ ጊዜ ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«እኔም ያን ጊዜ ነው።»

ነጠላዬን ከዓይኔ አወረድኩ።

«ያን ዕለት ነጠላዬ ሥር ይዤው የነበረው ጧፍ ነው» አሉ። «እኔም የሱን ስለት ነበር ላስገባ የመጣሁት። አንቺ ስትጠሪ ሳይ ‹ይህች ልጅ የእውነት እስረኛ አላት፤ እኔ አሮጊቷ በምን ጉዴ መጣሁ› ብዬ ደንግጬ ነው እልልታው የቀረብኝ። ጧፉን በጎን ሰጥቼ ወረድኩ። ኋላ ይርጋ የአንቺን ሲነግረኝ ምን ልበለው? ብስቅ በራሴ፣ ብቆጣ በራሴ።»

«ይርጋ ያውቃል?»

«ሞቼ ነው! አንቺም ብትነግሪው ሽማግሌ የለም» አሉና ትንሽ ቆይተው ጨመሩ፦ «ካልነገርሽው ግን እሑድ ይሄዳሉ።»

አልነገርኩትም። አሁን ባሌ ነው፤ እናንተ ካልነገራችሁት አያውቅም።

ታቦቷ ልትወጣ ደወሉ ተመታ። ካህናቱ በሩ ላይ ታዩ፤ ከጃንጥላዎቹ ሁሉ መሃል አንዷ፣ ቀይዋ፣ የወርቅ ዘርፏ በፀሐይ እያበራ ቧ ብላ ተከፈተች። ከፊታችን ያሉት ሴቶች እርስ በርስ ተጎሻሸሙ። «ያቻት፣ የዳሪዮ ጃንጥላ!» አለች አንዷ። ተመልሼ ነጠላዬ ውስጥ ገባሁ።

እማማ ጥሩወርቅ ጃንጥላዋን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «የኔ ጧፍስ ነዶ አልቋል» አሉኝ በጆሮዬ። «አንቺ ነሽ የማያልቅ ነገር የሰጠሽው።»

ይሄን ብለው ሲያበቁ እልልታቸውን አነሡት፤ አሁን እስከ መጨረሻው።